የነጠላዬን ጥለት የበላው ጄል

ሐዋሳ፣ አቶቴ ሰፈር ሹሩባ እሠራለሁ። ዘንድሮ ግንባሬ በብጉር ሲወረር ደንበኞቼ «ባል አማረሽ እንዴ?» እያሉ ሲስቁብኝ ከረሙ። እኔም በሐዋሳ ሙቀት፣ በጥብሱ፣ በቸኮሌቱ ያላመካኘሁበት የለም።

የብጉር ጄሉን፣ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ 5 በመቶ የሚለውን፣ የገዛሁት እዚሁ ሐዋሳ ፒያሳ ካለ ፋርማሲ ነው። ባለሙያዋ ሳትሸጥልኝ በፊት «እህቴ፣ ፊትሽን ምን ትቀቢዋለሽ?» አለችኝ። ፊት ያቀላል ተብዬ የገዛሁትን፣ ስም እንኳ ያልተጻፈበትን ቅልቅል ክሬም ከቦርሳዬ አወጣሁ። አሸተተችውና ራሷን ነቀነቀች። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ የሚባል ጠንካራ መድኃኒት አለበት፣ እሱ ራሱ ብጉር ያወጣል፣ ቆዳም ያሳሳል አለችኝ። «ስትተዪው መጀመሪያ ሊብስብሽ ይችላል፤ ከባሰብሽ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ።» እውነትም ሁለት ሳምንት ባሰብኝ።

ቀጥላ እጄን አየች። ቀኑን ሙሉ በፀጉር ቅባት በራሰ እጅ የግንባሬን ላብ እጠርጋለሁ! ቅባቱ የቆዳውን ቀዳዳ ይደፍነዋል፣ የፊት ወዝ ከሞተ ቆዳ ጋር እዚያው ይታፈናል፣ ባክቴሪያም ይራባበታል። ጄሉ የሚገድለው ባክቴሪያውን ነው። ቅባቱን ለእኔ የሚጠርግልኝ ግን የለም፤ አሁን ፎጣ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ነው የምሠራው።

በመጀመሪያው ሳምንት ቶሎ እንዲለቀኝ ብዬ ጠዋት ማታ ለቀለቅኩት። ፊቴ ተቃጠለ፣ እንደ ሽንኩርት ተላጠ። ከዚያ በኋላ በሽምብራ ፍሬ ልክ፣ አንድ ማታ እየዘለልኩ ቀባሁ። እስከ ስድስተኛው ሳምንት ገንዘቤን ጣልኩ እያልኩ ነበር፤ በስምንተኛው ግንባሬ ጠራ። ከወር አበባ በፊት አገጬ ላይ ብቅ የምትለዋን ግን አልቻላትም፤ እሷ የሆርሞን ነገር ናት። ጥቁር ጠባሳውም አልለቀቀም።

ቅር ያለኝ መመሪያው በእንግሊዝኛ ብቻ መሆኑ ነው። ጨርቅ እንደሚያነጣ ማን ነገረኝ? እሑድ ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ነጠላ አጣፍቼ ገብርኤል ሄድኩ። ስመለስ አረንጓዴው ጥለት ፊቴን በነካበት ቦታ ሁሉ ወይቦ ቀርቷል።

ሁለተኛውን ቱቦ ጀምሬያለሁ። እናቴ ነጠላውን ገልብጣ እያየች «ማን ነው በረኪና የደፋብሽ?» ትለኛለች።