የቲማቲማችንን ሥር ላየችልን ባለሙያ

በመቂና በባቱ ዙሪያ በመስኖ ቲማቲም ለምታለሙ ሁሉ ይድረስ። ይህን የምጽፈው አንዲት የወረዳችን የሰብል ጥበቃ ባለሙያን በአደባባይ ለማመስገንና ለእናንተም ለመጠቆም ነው። «የተቀጠርኩበትን ሥራ ነው የሠራሁት፤ ስሜን አይጻፉ» ብላ ስለለመነችኝ ፈቃዷን አከብራለሁ፤ ሆኖም በገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከል ያሉትን የልማት ሠራተኞች ብትጠይቁ የሚያገናኛችሁ አታጡም።

ከእርሷ በፊት የገጠመኝ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። ጠዋት ቀና ብሎ የሚታየው ቲማቲም፣ ውኃ በጠጣ ማግስት እንኳ፣ ቀትር ላይ ይጠወልጋል፤ ቁመቱ ቀጭጮ ቅጠሉም ወደ ቢጫነት ይሄዳል። አንዱ ሻጭ ቅጠሉን ሳያይ የሻጋታ መድኃኒት ሸጠልኝ፤ ሌላው ዩሪያ ጨምርበት አለኝ፤ ሌላው ደግሞ ነገሬን ሳልጨርስ ከመደርደሪያው ላይ ከሁሉ ውድ የሆነውን ጠርሙስ አወረደልኝ። ከመካከላቸው ማሳዬን የረገጠ አንድም ሰው አልነበረም። «ዓይን በልቶት ነው» ያሉኝ ጎረቤቴ ከእነርሱ ይሻላሉ፤ እሳቸው ቢያንስ ገንዘብ አላስከፈሉኝም።

ይህች ልጅ ግን በቀጥታ ማሳው ውስጥ ገባች። ተክሉን ልነቅልላት ስል «ጋሼ፣ ሲጎተት ቀጫጭኑ ሥር አፈር ውስጥ ይቀራል» ብላ ከለከለችኝና ዙሪያውን በአካፋ ቆፍራ ከነአፈሩ አነሣችው። በባልዲ ውኃ ውስጥ ቀስ አድርጋ ስታጥበው፣ ሥሩ ሁሉ እንደ ዶቃ በእባጭ ተያይዞ አየሁ። ቦሎቄ ሥር ላይ ከምናውቀው እባጭ ጋር እንዳላምታታው፣ የቦሎቄው ለመሬቱ የሚጠቅምና በጣት ሲፈተግ ተላቆ የሚወርድ እንደሆነ፣ ይሄኛው ግን ሥሩ ራሱ አብጦ ስለሆነ እንደማይላቀቅ በእጄ አስነክታ አሳየችኝ። ለዓይን የማይታይ ኔማቶድ የሚሉት ትል ሥሩ ውስጥ ገብቶ ተክሉን ውኃና ምግብ እንደሚከለክለው፣ አንዲት እንስት ብቻዋን በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል እንደምትጥልም ነገረችኝ። ስለ ዝርያዎቹ የዘረዘረችልኝ በዝቶብኝ አልያዝኩትም።

የማልረሳው ግን ቀጥላ ያለችው ነው፦ «አሁን የሚረጭ ነገር አይግዙ፤ ይህን ሰብል አያድነውም፤ ገንዘብዎን ለሚቀጥለው ያቆዩት።» ለወራት ግዛ፣ ግዛ ስባል ለኖርኩ ሰው ይህ ትልቅ ቸርነት ነበር። ከማሳዬ ስትወጣም ትሉን ተሸክማ እንዳትሄድ ቦቲዋንና አካፋዋን አጥባ ነው ወደ ጎረቤቴ የተሻገረችው።

በምክሯ የታመመውን ሥር ለቅመን አቃጠልን፤ በበጋውም ሙቀት መሬቱን አርጥበን ብርሃን በሚያስገባ ፕላስቲክ ለሳምንታት ሸፈንነው። በቲማቲም ምትክ ድንች ወይም ቃሪያ መትከል ትሉን መቀለብ እንደሆነ አስጠነቀቀችን፤ ቲማቲም ዳግም ስንተክል ደግሞ ትሉን የሚቋቋም ዝርያ አስመረጠችን፣ የገዛነውንም ችግኝ ሥሩን ሳታይ አላስተከለችንም። ትሉ ፈጽሞ ጠፍቷል አላለችም፣ እኔም አልልም፤ ዘንድሮ ግን ለገበያ የሚበቃ ምርት አንሥቻለሁ።

ዕድሜና ጤና ይስጣት። እናንተም እያጠጣችሁት የሚጠወልግ ቲማቲም ካላችሁ፣ እባካችሁ ወደ ኬሚካል መደብር ከመሮጣችሁ በፊት እርሷን ጥሩ፤ ደግሜ እላለሁ፣ እርሷን ጥሩ። ስትመጣ አካፋና አንድ ባልዲ ውኃ አዘጋጅታችሁ ጠብቋት።