የሕፃን ልጅን ውሎ በቴሌግራም የግል ቻናል ማስቀመጥ፦ ያዋጣል?

ድክ ድክ የሚል ልጅ ያለበት ቤት ስልክ ቶሎ ይሞላል። የቴሌግራም የግል ቻናል በነጻ ለአንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ይቀበላል፤ አሜሪካ ያለችው አክስትም ጎንደር ያሉት አያትም እኩል ያዩታል።

ሰው የሚሸወደው ጥራቱ ላይ ነው። ቪዲዮውን ከጋለሪ መርጦ ዝም ብሎ መላክ ጨምቆ ያሳንሰዋል። ዋናው ቅጂ እንዲቀመጥ «ፋይል» በሚለው በኩል መላክ ያስፈልጋል። ታዲያ ዳታ ይበላል፦ በአይፎን በ1080ፒ ጥራት የተቀረጸ አንድ ደቂቃ 60 ሜጋባይት ገደማ ሲሆን ከዚያ የላቀው የፎርኬ (4K) ጥራት ወደ 170 ይጠጋል። ሽሮ ፊቱን ሲቀባ ለማየት 1080ፒ ከበቂ በላይ ነው።

ቻናሉ የሚያሳየው የተለጠፈበትን ቀን እንጂ የተቀረጸበትን አይደለም። ስለዚህ ከሥሩ ይጻፍ፦ «ሚያዝያ 12፣ 1 ዓመት ከ4 ወር፣ ወተትን ‹ተት› አለ፤ #አዲስ_ቃል»። በሃሽታጉ መሃል ክፍተት ከገባ ሁለተኛው ቃል ይቀራል፣ ፍለጋውም ይበላሻል።

ደካማ ጎኑ ምስጢር ጥበቃው ነው። ሊንኩ የደረሰው ሁሉ ይገባል፤ ሊንኩ ሲፈጠር የአድሚን ፈቃድ የሚጠይቀውን ምርጫ ማብራት ግድ ነው። ቻናል ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ (ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም፣ ድርጅቱም ቢሆን፣ ሊያየው የማይችል) ስላልሆነ የገላ መታጠቢያ ቪዲዮ እዚያ ባይገባ ይመረጣል። ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተ አካውንትም በራሱ ይሰረዛል። ሁለተኛውን ወላጅ አድሚን ማድረግና በየወሩ ወደ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ አይቅር።