የቅዳሜው የታሪክ ትምህርት በቱሉ ዲምቱ፦ ጥጡ ግሩም፣ ጥራዙ ግን እርማት ይሻል

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ከምድር ቤት ሱቆች በአንዱ በተከፈተ የንባብ ክፍል፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚሰጠውን የታሪክ ትምህርት ለአራት ሳምንታት ተከታትያለሁ። ርዕሱ የፖለቲካና የኢንዱስትሪ አብዮቶች በባርነት ላይ ያሳደሩት ተጽዕኖ ሲሆን፣ ክፍያው ከነጥራዙ 600 ብር ነው።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ብቻውን ለገንዘቡ በቂ ነበር። መምህሩ ንግግራቸውን ከመጀመራቸው በፊት ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ እፍኝ ያልተዳመጠ ጥጥ አድለው ፍሬውን በጣታችን እንድንለይ አዘዙን። አሥር ደቂቃ ታግዬ ከጥቂት ፍሬ አላለፍኩም፤ ከጎኔ የተቀመጡት እናት «ልጄ፣ መዳመጫ ሳይኖር ባዘቶ ከየት ይመጣል?» ብለው ሳቁብኝ። መምህሩም የሚጠብቁት ይህንኑ ቃል ኖሯል። ኤሊ ዊትኒ እ.ኤ.አ. በ1793 የሠራው የጥጥ መዳመጫ መኪና ፍሬ የመለየቱን ድካም ቢያቃልልም፣ ጥጡን የሚዘራውና የሚለቅመው ያው የሰው እጅ ስለነበረና የእንግሊዝ ፈትል ፋብሪካዎች ጥጥ አልጠግብ በማለታቸው፣ የዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች ባለርስቶች መሬትም ባሪያም ማብዛት ያዙ። በ1790 ቆጠራ በመላ አሜሪካ 700,000 ገደማ የነበሩት ባሪያዎች በ1860 ወደ 4 ሚሊዮን መጠጋታቸው ሰሌዳው ላይ ሲጻፍ፣ መኪና ባርነትን አስቀረ ሲባል ሰምቼ ያደግሁት እኔ እፍኜ ላይ የቀረውን ጥጥ እንደገና አየሁት።

ሦስተኛው ሳምንት የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት የነበረችው የሄይቲ ነበር። ፈረንሳይ በአብዮቷ ጊዜ፣ በ1794 የሻረችውን ባርነት ናፖሊዮን በ1802 መመለሱ፣ ሄይቲዎችም ተዋግተው በ1804 ነፃነታቸውን ማወጃቸው በሚገባ ተተንትኗል። ሆኖም ከሁሉ ይልቅ የከነከነኝ የካሳው ጉዳይ ነው፤ በእኛ ዘንድ የሚካሰው ተበዳይ ሲሆን፣ ፈረንሳይ በ1825 ከሄይቲ 150 ሚሊዮን ፍራንክ ጠየቀች፣ የብሪታንያ ፓርላማም ባርነትን በሻረበት በ1833 ሕጉ 20 ሚሊዮን ፓውንድ የመደበው ለባሪያ አሳዳሪዎቹ እንጂ ለባሪያዎቹ አልነበረም።

የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ግን ቅር አሰኝቶኛል። የኢትዮጵያ ጉዳይ በግማሽ ሰዓት ተጠቃለለ፤ አገራችን እ.ኤ.አ. በ1923 ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ባርነትን ለማስቀረት የገባችው ግዴታ እንኳ ለጥያቄ ጊዜ አላገኘም። ፎቶ ኮፒው የደበዘዘው ጥራዝ ደግሞ የብሪታንያን 1833 እና የእኛን 1934 የዘመን አቆጣጠሩን ሳይለይ በአንድ ሠንጠረዥ ደርድሯቸዋል። ባርነትን የሻረው የንጉሠ ነገሥቱ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1942 ስለሆነ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሠንጠረዡ እንደሚያስመስለው 101 ሳይሆን 109 ዓመት ነው። ይህንኑ ለአስተባባሪው ነግሬያቸው በሚቀጥለው ኅትመት እንደሚያርሙት ቃል ገብተውልኛል። እስከዚያው የሚመዘገብ ሰው እስክሪብቶ ይዞ ይሂድና ከ1934 ጎን «ዓ.ም.» ብሎ ይጻፍበት።