ከኤድንብራ ወደ ዋሽንግተን፦ በቀጥታ ወይስ በደብሊን?

ባለፈው ኦገስት ለእህቴ ልጅ ክርስትና ዋሽንግተን መሄድ ነበረብን። የምንኖረው ስኮትላንድ፣ ኤድንብራ ነው። ትኬት ፍለጋ አንድ ሳምንት ሙሉ ስልኬ ላይ አቀርቅሬ ከረምኩ። ከኤድንብራ የሚነሳው በረራ ከአየርላንድ ዋና ከተማ ከደብሊን ከሚነሳው እየተወደደ አስቸገረኝ። ርቀቱ ያን ያህል አይለያይም። ምክንያቱ የገባኝ የዋጋውን ዝርዝር ከፍቼ ሳይ ነው።

እናንተም ክፈቱት። ከትኬቱ ዋጋ ሥር ባለ ሁለት ፊደል ኮዶች ተደርድረዋል። "ጂቢ" የዩኬ መንግሥት የመንገደኛ ታክስ ነው። "ዩቢ" የኤርፖርቱ የአገልግሎት ክፍያ ነው። "ዋይ ኪው" ወይም "ዋይ አር" ካያችሁ ግን እሱ ታክስ አይደለም፤ አየር መንገዱ ራሱ የሚጨምረው ነው። ታክስ መስሏቸው ዝም ብለው የሚያልፉት ብዙዎች ናቸው።

ከዩኬ ተነስቶ አሜሪካ ለሚሄድ የኢኮኖሚ መንገደኛ ታክሱ ያኔ 90 ፓውንድ ነበር። ከኤፕሪል 1 2026 ጀምሮ 102 ፓውንድ ሆኗል። ከኢኮኖሚ ከፍ ያለ ወንበር ከያዛችሁ፣ ፕሪሚየም ኢኮኖሚም ቢሆን፣ 244 ፓውንድ ነው። ወደ አውሮፓና ወደ አየርላንድ ለሚሄድ የኢኮኖሚ መንገደኛ ግን 15 ፓውንድ ብቻ ነው። አየርላንድ የራሷን የአየር ጉዞ ታክስ ከኤፕሪል 2014 ጀምሮ አንስታለች።

ታክሱ በመቶኛ አይሰላም። በ300 ፓውንድ የገዛውም በ900 ፓውንድ የገዛውም እኩል 102 ይከፍላል። ስለዚህ የሚጎዳው ርካሽ ትኬት ፈላጊውን ነው። ትዝ ይላችሁ እንደሆነ በ2017 ኖርዌጂያን አየር መንገድ ከኤድንብራ በኒውዮርክ አቅራቢያ ወዳለው ስቱዋርት፣ ወደ ፕሮቪደንስና ወደ ሃርትፎርድ መብረር ጀምሮ ነበር። መነሻ ዋጋው በአንድ መንገድ 69 ፓውንድ ተብሎ ነበር የተዋወቀው። ታክሱ ደግሞ በዚያን ጊዜ 75 ፓውንድ ነበር! ከትኬቱ በላይ ማለት ነው። የስኮትላንድ መንግሥት ታክሱን በግማሽ እቀንሳለሁ ብሎ ነበር፤ አዘገየውና በ2019 ጭራሹን ተወው። ኖርዌጂያን የሃርትፎርድን መስመር በ2018 ሲዘጋ ይህንኑ ታክስ ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጎ ጠቅሷል።

ታክስ ሁሉንም ይወስናል ማለቴ ግን አይደለም። የዩኬ ክፍል ከሆነችው ከሰሜን አየርላንድ በቀጥታ ለሚደረግ ረጅም በረራ ታክሱ ከ2013 ጀምሮ ዜሮ ነው። እንዲያም ሆኖ የአሜሪካው ዩናይትድ አየር መንገድ ከዋና ከተማዋ ከቤልፋስት ወደ ኒውዋርክ የነበረውን በረራ በጃንዋሪ 2017 አቆመ። ኖርዌጂያንም ቤልፋስትን በ2018 ለቀቀ። በትንሽ ከተማ ኤርፖርት ወንበሩን በክረምትም የሚሞላ ሰው ከሌለ ዜሮ ታክስ ብቻውን አውሮፕላን አያስነሳም። ለገዢም ቢሆን ይህ ዜሮ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ከቤልፋስት ተነስታችሁ በለንደን በአንድ ትኬት ካለፋችሁ ሙሉውን ትከፍላላችሁ።

እንግዲህ ወደ ምርጫው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከኤድንብራ በደብሊን አድርጋችሁ ዋሽንግተን የሚያደርስ አንድ ትኬት ብትገዙ ታክሱ አይቀንስም። ሕጉ የሚያየው የመጨረሻ መድረሻችሁን ስለሆነ ያው 102 ነው። የሚቀንሰው ሁለት የተለያዩ ትኬቶች ስትገዙ ነው፤ አንዱ እስከ ደብሊን፣ ሌላው ከደብሊን ወደ አሜሪካ። ያኔ የዩኬ ታክስ 15 ብቻ ይሆናል። በአንድ አዋቂ 87 ፓውንድ ተረፈ ማለት ነው። በአንድ ትኬትም ቢሆን ደብሊን ላይ ከ24 ሰዓት በላይ ከቆያችሁ ጉዞው እንደ ተቆረጠ ይቆጠራልና ታክሱ 15 ይሆናል። ዘመድ እዚያ ላለው ጥሩ ነው፤ ሆቴል ለሚከፍል ግን ትርፉ ያልቃል።

ሁለት ትኬት ሲባል ግን ኃላፊነቱ የራሳችሁ ነው። አንድ ጓደኛዬ እንዲህ አድርጎ ነበር። የጠዋቱ በረራ ሁለት ሰዓት ዘገየበት። ደብሊን ሲደርስ ሻንጣው እስኪወጣ የሻንጣ ማመላለሻው ዳር ቆመ፤ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ነበረው። ከዚያ እየጎተተ ወደ መነሻው አዳራሽ ሲሮጥ የሻንጣ መቀበያው ተዘግቶ አገኘው። የመጀመሪያው አየር መንገድ "ትኬትህ እስከ ደብሊን ነው" አለው፤ ሁለተኛው "አልመጣህም" አለው። አዲስ ትኬት ገዛ። ያተረፈውን 80 ምናምን ፓውንድ በአምስት እጥፍ ከፈለበት። በአንድ ትኬት ቢሆን ኖሮ በሚቀጥለው በረራ የማሳፈር ግዴታው የአየር መንገዱ ነበር።

ደብሊን አንድ ትልቅ ጥሩ ነገር አላት። የአሜሪካ ኢሚግሬሽንና ጉምሩክ ለአብዛኞቹ በረራዎች እዚያው ያልቃል። ዋሽንግተን ስትደርሱ ሻንጣ ይዞ መውጣት ብቻ ነው። (ቋንጣ የያዛችሁ ደግሞ ደብሊን ላይ ነው የምትሰናበቱት፤ ሥጋ አያስገቡም።) የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ግን አየርላንድ ለመግባት ቪዛ ያስፈልገዋል፤ በሁለት ትኬት ስትሄዱ ደግሞ ሻንጣ ለመቀበል መግባታችሁ አይቀርም። የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ያላችሁም ከመግዛታችሁ በፊት አጣሩ። ይህን ሳያዩ ርካሽ ትኬት መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው መንገድ አለ፤ በደጋማው ስኮትላንድ ያለው ኢንቨርነስ። ከስኮትላንድ ደጋማ አካባቢና ደሴቶች ኤርፖርቶች የሚነሳ መንገደኛ ከዚህ ታክስ ነፃ ነው። በለንደን ወይም በአምስተርዳም አድርጎ በአንድ ትኬት አሜሪካ ቢሄድም ነፃነቱ አይቀርበትም። ሁለት ትኬት የመያዝ ስጋት የለም። ችግሩ ከኤድንብራ በባቡር ሦስት ሰዓት ተኩል መሄዱና በረራው ጥቂት መሆኑ ነው። አበርዲን ወይም ፐርዝ ለሚኖር ግን ዋጋውን ማየት ተገቢ ነው።

በኔ ፍርድ፣ ብቻችሁን ወይም ባልና ሚስት ሆናችሁ፣ የብሪቲሽ ወይም የአየርላንድ ፓስፖርት ይዛችሁ፣ በእጅ ሻንጣ ብቻ የምትሄዱ ከሆነ የደብሊን ሁለት ትኬት ያዋጣል። በመሀል ቢያንስ አምስት ሰዓት ተዉ። ትልቅ ሻንጣ ካለ ወይም እናታችሁን ይዛችሁ ከሆነ አትሞክሩት፤ ቀጥታውን ያዙ።

ልጆች ካሉ ስሌቱ ጭራሽ ይለወጣል። ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ በኢኮኖሚ ይህን ታክስ አይከፍልም። ፕሪሚየም ካስቀመጣችሁት ግን ይከፍላል። እኛ አምስት ነን፤ ሦስቱ ልጆች። ደብሊን የሚያተርፈን የሁለት አዋቂ ታክስ ብቻ ነበር፤ የአምስት ሰው ከነሻንጣው የደብሊን ደርሶ መልስ ዋጋ ግን ያንን ይበላዋል። ስለዚህ ቀጥታውን ገዛን። ዝርዝሩን ስከፍት በኔና በባለቤቴ ስም ሥር "ጂቢ 90" ይላል። በልጆቹ ስም ሥር መስመሩ ጭራሽ የለም።