ካርቡሬተሩን ማጽዳት ወይስ ሙሉውን መቀየር?

ትንሽ የጀልባ ሞተር ተነስቶ ጉልበት ሲጠየቅ የሚታፈን ከሆነ፣ ጥፋቱ ሁልጊዜ የካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) አይደለም። መጀመሪያ የታንኩን ክዳን መተንፈሻ ይክፈቱ። ከዚያ ሞተሩ ሊጠፋ ሲል ቱቦው ላይ ያለውን የጎማ ፓምፕ በእጅ ይጭመቁ። ነፍስ ከዘራ ችግሩ ቱቦው፣ ፊልተሩ ወይም የነዳጅ ፓምፑ ነው፤ ካርቡሬተሩን አይንኩት። ካልዘራ ምርጫው ይመጣል።

ወጪ
ማጽዳት፦ የማጽጃ ስፕሬይ፣ የአየር ግፊትና አዲስ ጎሚኒ።
መቀየር፦ ውድ ነው፤ ለአሮጌ ሞዴል ላይገኝም ይችላል።

ድካም
ማጽዳት፦ ትዕግሥት ይፈልጋል። ጄቱን (ቤንዚን የሚያልፍበት ቀጭን ቀዳዳ ያለውን ትንሽ ብሎን) ፈትተው ወደ ብርሃን ይዩት፤ ቀዳዳው ጥርት ያለ ክብ ካልሆነ የደረቀ ቤንዚን ሙጫ ይዟል። በሽቦ አይጎርጉሩት፤ ከሰፋ ሞተሩ ቤንዚን ይጠጣል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። የድብልቅ ማስተካከያውን ብሎን ከመፍታትዎ በፊት እስኪገጥም ብቻ በቀስታ ወደ ውስጥ እያዞሩ ዙሩን ይቁጠሩ።
መቀየር፦ ፈትቶ ማሰር ብቻ።

ስጋት
ማጽዳት፦ ውስጠኛው ቦይ ውስጥ የቀረ ቆሻሻ ችግሩን ይመልሰዋል።
መቀየር፦ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ጄቱ ሊጠብ ይችላል። ዘይት ከቤንዚን ጋር በሚቀላቀልበት ሞተር ይህ ቀልድ አይደለም፤ ቤንዚን ሲያንስ ዘይቱም ያንሳልና ፒስተን ይነክሳል፤ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ ይጣበቃል።

ቤንዚን እንደያዘ ለወራት ለቆመ ሞተር ማጽዳት ይበቃል። እንደ ጣና ባለ ጨው አልባ ውሃ ላይም ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው እሱ ነው። አካሉ በጨው ለተበላ ወይም ለተሰነጠቀ ግን መቀየር ይሻላል። በሁለቱም ታንኩን እስከ ታች ያራግፉ፤ ሥር የተኛው ውሃ አዲሱንም ይደፍነዋል።