ወደ ጄኤፍኤል የሚያደርሱ ሁለት መንገዶች፦ የክልል ሊግ ወይስ ሻካይጂን?

የጃፓን እግር ኳስ 9 የክልል ሊጎች ከ4ኛው እርከን፣ ከጄኤፍኤል (የጃፓን እግር ኳስ ሊግ) በታች ናቸው። ሊግ ማሸነፍ ብቻውን አያሳድግም፤ ኅዳር ላይ ወደሚደረገው፣ ወደ ጄኤፍኤል ማደጊያ ወደሆነው የ12 ክለቦች የክልሎች ሻምፒዮንስ ሊግ ያስገባል እንጂ። ሊጉን ላላሸነፉ ደግሞ እስከ 3 የሚደርሱ ቦታዎች በሻካይጂን ዋንጫ (በአገር አቀፉ የአማተር አዋቂ ክለቦች ውድድር) በኩል ክፍት ናቸው።

ሊጉ ትዕግሥትን ይሸልማል። ሆካይዶ ውስጥ 8 ክለቦች 14 ጨዋታ ያደርጋሉ፤ አንድ መጥፎ ቀን ይካካሳል።

ሻካይጂን ግን ምሕረት የለውም። 32 ክለቦች፣ ጥሎ ማለፍ፣ በ5 ተከታታይ ቀናት እስከ 5 ጨዋታ! ጨዋታው 80 ደቂቃ ነው፤ አቻ ከሆነ በቀጥታ መለያ ምት። ብዙው ተጫዋች ሠራተኛ ስለሆነ ለሥራ ቀናቱ ፈቃድ ማግኘት አለበት። የተለመደው ስህተት በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ያንኑ 11 ተሰላፊ መጨረስ ነው፤ በ3ኛው ቀን የታፋ ጡንቻ ይይዛል፣ አማካዩ ኳስ ተከትሎ መመለስ ያቅተዋል።

እንደኛ ግምት ሰፊ ስብስብ የሌለው ክለብ ሊጉን ይያዝ። ያም ሆኖ ማትሱሞቶ ያማጋ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ከክልል ሊጎቹ አንዱ በሆነው በሆኩሺንኤትሱ ሊግ 4ኛ ወጥቶ፣ ሻካይጂንን አሸንፎ፣ ከዚያም የዛሬው የክልሎች ሻምፒዮንስ ሊግ ቀዳሚ የሆነውን የክልሎቹን ማጠቃለያ ውድድር ወስዶ ጄኤፍኤል ገብቷል።