«በየዓመቱ የሚታደስ ላይሰንስ» እየተባለ የሚሸጠው የሬንደር ፋርም ሶፍትዌር ነጻ ነው፤ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ሰላም ለሁላችሁም። ባሕር ዳር ውስጥ በስሪ ዲ አኒሜሽንና በሕንጻ ዲዛይን የምትተዳደሩ ሁሉ፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ ብር እንዳትከፍሉ። እኔ ለሬንደር ፋርም (ብዙ ኮምፒውተሮች የአንድን አኒሜሽን ምስሎች ተከፋፍለው ለሚያወጡበት ሲስተም) 148,000 ብር ከፍያለሁ። አሁን የምጽፈው ያው ሻጭ ሰሞኑን ሽምብጥ አካባቢ የምትሠራ አንዲት ባለሙያ ዘንድ ያንኑ ነገር ይዞ መሄዱን ስለሰማሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት ጣና ዳር ሊሠራ ለታሰበ ሎጅ የ40 ሰከንድ አኒሜሽን ተቀበልኩ። በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሲታሰብ 1,000 ፍሬም ነው። ደህና በሚባለው ኮምፒውተሬ አንዱ ፍሬም 6 ደቂቃ ይፈጅ ስለነበር ሁሉም 100 ሰዓት ማለት ነው፤ ከአራት ቀን በላይ ያለ ዕረፍት። በነሐሴ፣ ሐይቁ ላይ መብረቁ ሲያጓራ መብራት እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ስለዚህ ቢሮ ያሉትን 6 ኮምፒውተሮች አገናኝቶ ፍሬሙን የሚያከፋፍልልኝ ሲስተም ፈለግኩ።

ሻጩ መጣ። «ሆሊውድ የሚሠራበት ነው፤ የአገር ውስጥ ወኪሉ እኛ ነን» አለኝ። ላይሰንስ በአንድ ኮምፒውተር በዓመት 18,000 ብር፣ ለስድስቱ 108,000 ብር፤ መግጠሚያ 40,000 ብር። በዚህ ላይ ፋይሎቹ በኢንተርኔት የሚቀመጡበት «ክላውድ» በየወሩ ይከፈልበታል። ፈረምኩ። ሲገጥም ውሎ ማታ ላይ፣ ፕሮግራሙ የሚሠራውን በጽሑፍ ስለሚያሳይበት መስኮት አስጠነቀቀኝ፦ «ጥቁሩን መስኮት እንዳትዘጉት፣ እንዳትነካኩት»።

በመጀመሪያው ሌሊት የወጡትን ፍሬሞች ጠዋት ከፈትኳቸው። የሎጁ የሳር ጣሪያ አንዳንዱ ፍሬም ላይ ሳር ነው፣ ቀጥሎ ያለው ላይ ደማቅ ሮዝ። አኒሜሽኑን የሠራሁበት ፕሮግራም፣ ብሌንደር፣ የሚፈልገውን የምስል ፋይል ሲያጣ ቦታውን በሮዝ ነው የሚሞላው። ለካ አንዱ ኮምፒውተር ፋይሉ ከክላውዱ ወርዶ ሳያልቅለት ሬንደር ማድረግ ይጀምር ነበር። እንዲህ ያለ ሲስተም አንድ ፋይል ከተጻፈበት ቅጽበት ጀምሮ ሁሉም ኮምፒውተሮች ሊያዩት ይገባል። ለዚያ የሚያስፈልገው ቢሮ ውስጥ ባለ ኔትወርክ የተጋራ አንድ ፎልደር ብቻ ነው። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ፎልደሩ በሁሉም ኮምፒውተሮች ተመሳሳይ የድራይቭ ፊደል ሲሰጠው ጣጣው ይቀንሳል። በየወሩ የምከፍልበት ክላውድ ሥራውን የሚያበላሸው እሱ ራሱ ነበር።

በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፋ፤ ሲመጣ ሲስተሙ አልነሳም። ማናጀሩ (ሥራውን ለሌሎቹ የሚያከፋፍለው ፕሮግራም) የተጫነበት ኮምፒውተር የገዛ ንብረቴ ነው፣ ፓስወርዱን ግን ሻጩ ቀይሮት ሄዷል። ደወልኩለት። «ላይሰንሱ እንደገና አክቲቬት መደረግ አለበት፣ 7,500 ብር ያስፈልጋል» አለኝ። ደንበኛዬ በየሰዓቱ እየደወለ ነበርና ከፈልኩ። መጥቶ ከ5 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ አስነስቶት ሄደ።

በማግስቱ ከፖሊ የተመረቀው የእህቴ ልጅ ሊጠይቀኝ መጣ። ማናጀሩ ካልተጫነባቸው አምስት ኮምፒውተሮች አንዱን አጥፍቶ አስነሳና ያንን ጥቁር መስኮት ከላይ ጀምሮ አነበበው። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ፍላሜንኮ ነው። ነጻ ነው!» አለኝ። ስሙ መጀመሪያው መስመር ላይ ተጽፎ ነበር። ሻጩ ብሮውዘር ላይ የሚታየውን ገጽ በራሱ ስምና አርማ ቀይሮታል፣ መስኮቱን ግን አልነካውም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ፍላሜንኮ የብሌንደር ሰዎች ራሳቸው የሚሠሩት ኦፕን ሶርስ (የምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ሶፍትዌር ነው፤ ሦስተኛው ትውልዱ በ2022 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። አንዱ ኮምፒውተር ላይ ማናጀሩ ይጫናል፣ ሌሎቹ ላይ ዎርከሩ። ማናጀሩ ሥራውን ይከፋፍላል፣ ዎርከሮቹ ይቀበላሉ፤ ሁኔታውን በብሮውዘር፣ በፖርት 8080 (አድራሻው መጨረሻ ላይ :8080 ብላችሁ) ታያላችሁ። የላይሰንስ ቁጥር አይጠይቅም፣ አክቲቬሽን የሚባል ነገር የለውም፣ የኮምፒውተር ብዛትም አይቆጥርም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማናጀሩንና ዎርከሮቹን መልሶ መክፈት ይበቃል። የት እንደደረሰ በዳታቤዝ ፋይሉ ውስጥ ስለተመዘገበ ያለቁትን ፍሬሞች አይደግማቸውም። 7,500 ብር የከፈልኩት ለጥቂት ክሊክ ነበር።

አንድ ነገር በቅንነት መናገር አለብኝ። ፍላሜንኮ የተለቀቀበት፣ ጂፒኤል የሚባለው የነጻ ሶፍትዌር ፈቃድ መሸጥን አይከለክልም። ባለሙያ መጥቶ ኔትወርክ ዘርግቶ፣ ሁሉም ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓይነት የብሌንደር ቨርዥን ጭኖ፣ ሠራተኞቻችሁን አሠልጥኖ ቢያስከፍል ላቡ ነው፣ ይገባዋል። 40,000 ብሩ ሥራው በደንብ ቢሠራ ኖሮ አይከነክነኝም ነበር። ፈቃዱ የሚከለክለው ግን የተቀበለውን ነጻነት ከገዢው መንጠቅን ነው፦ ፕሮግራሙን የሚሰጣችሁ ሰው የምንጭ ኮዱንም የማግኘት መብታችሁን ማክበር አለበት፣ የራሱን ገደብ ሊጨምርበትም አይችልም። በየዓመቱ የሚታደስ የኮምፒውተር ላይሰንስ ያ ገደብ ነው።

የሆሊውዱን ወሬም ስሙት። ኦፕንኪው የሚባል ሌላ ሶፍትዌር አለ። ሶኒ ፒክቸርስ ኢሜጅወርክስ ከጎግል ጋር ሆኖ በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው ነው፤ እሱም ነጻ ነው። ፖስትግሬስ ዳታቤዝና ሌላም ብዙ ነገር ስለሚፈልግ ለ6 ኮምፒውተር ይከብዳል። በዚህ ስም ከመጡባችሁም ላይሰንስ ብላችሁ አትክፈሉ።

ሻጭ ሲመጣባችሁ «የሶፍትዌሩ የመጀመሪያ ስም ማነው? በየትኛው ፈቃድ ነው የተለቀቀው?» ብላችሁ ጠይቁት፣ መልሱንም ውሉ ላይ ይጻፈው። የማናጀሩ ኮምፒውተር ፓስወርድ በእጃችሁ ሳይገባ የመጨረሻውን ክፍያ አትልቀቁ።

ቀድማችሁ የፈረማችሁ ካላችሁ አትደንግጡ። ሬንደር የሆኑት ፍሬሞች የራሳችሁ ፎልደር ውስጥ ያሉ ተራ የምስል ፋይሎች ናቸው፤ ላይሰንስ የሚባለው ነገር ሊቆልፋቸው አይችልም። ሻጩን ፓስወርዱን ዛሬውኑ ጠይቁት። እንደገባችሁ ማናጀሩን ዝጉና የኮንፊገሬሽን ፋይሉንና የዳታቤዝ ፋይሉን ፍላሽ ላይ ገልብጡ። ከዚያ እውነተኛውን ፍላሜንኮ ከራሱ ድረ ገጽ አውርዱ። እኛ ስድስቱን ኮምፒውተሮች ከምሳ በኋላ ጀምረን ሳይመሽ ጨርሰናል።

ብቻችሁን ከከበዳችሁ ቅዳሜ ከሰዓት አባይ ማዶ ያለው ቢሯችን ክፍት ነው። የእህቴ ልጅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያሳያችኋል። ክፍያ የለውም፤ ላፕቶፓችሁን ብቻ ይዛችሁ ኑ።